የአርብ ገበያ የቅቤ ዳኛ

እትዬ አትጠገብ ያረፉት በቀዳም ሥዑር ጧት ነው። ቀሳውስቱ በየቤቱ እየዞሩ ቄጤማ የሚያድሉበት ቀን ስለሆነ፣ ቀባሪው ሁሉ ራሱ ላይ ቄጤማ እንዳሰረ መጣ። መፍታቱን ረስቶት ነው። በሕማማት ፍትሐት አይደረግምና ያለ ፍትሐት ተቀበሩ። ካህኑ "የእሳቸው በሆሣዕና ዕለት ከሁላችን ጋር ተደርጓል፤ በዚህ አትዘኑ" አሉን። እኔ ግን አዘንሁ። ይኸው ሁለት ፋሲካ አለፈ፣ አሁንም አዝናለሁ፤ "ጊዜ ያስረሳሻል" የሚሉኝን ሰዎችም እየሸሸሁ ነው።

አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ መምህርት ሆኜ ስመደብ ከእሳቸው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ሻንጣዬን ሳስገባ በር ላይ ቆመው አየር ሳብ አደረጉና "የእስቴ ልጅ ነሽ እንዴ?" አሉኝ።

ደነገጥሁ። "በምን አወቁ?"

"ሻንጣሽ የእናትሽን በርበሬ ይሸታል። የእስቴ ሴት በርበሬዋ ላይ በሶብላ ታበዛለች።"

እውነት ይሁን ቀልድ እስከ ዛሬ አላውቅም። እናቴን ስጠይቃት ግን "አዎ፣ አበዛለሁ፤ ማን ነገረሽ?" አለችኝ።

እትዬ አትጠገብ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ነጋዴ ከማለት ይልቅ ግን ዳኛ ማለት ይቀላል፤ ዓርብ ዓርብ ከሚገዙት የሚዳኙት ይበልጥ ነበር። በቅቤው ተራ ጫፍ ዝቅ ያለች በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ። ከተሜ ገዥ ሲጠራጠር፣ ባላገር ሴት "ቅቤዬን ስም አጠፉብኝ" ብላ ስትቆጣ፣ "እትዬ አትጠገብ ይዩት" ይባላል። በትንሿ ጣታቸው ትንሽ ያነሡና የግራ እጃቸው ጀርባ ላይ ያሹታል። ከዚያ ፊታቸውን ከፀሐይ አዙረው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የቸኮለ ሰው ካለ "ቆዩ፣ አታጣድፉኝ፤ ቅቤው ራሱ ይናገር" ይላሉ። ቅቤውም ይናገራል፤ ለጋ ነው፣ ሳምንት አልፎታል፣ የተናጠበት ቅል በደንብ አልታጠበም። ሞራ የተቀላቀለበት ከሆነ እጃቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ጠርገው "ሞራ አለበት" ይላሉ። ከዚያ በኋላ ይግባኝ የለም። የራሳቸው የእኅት ልጅ ቅቤ ላይ እንኳ ይህን ቃል ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ እኅታቸው ዓመት ሙሉ አላናገሯቸውም።

ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። እኔን ግን እንደ ልጅም እንደ ተማሪም ይቆጡኝ ነበር። ፈተና ሳርም ከሁለት ቤት ማዶ ድምፃቸው ይመጣል፤ "አንች መምህርት፣ ሽሮሽ ሊያርብሽ ነው!" ሄጄ ሳየው ገና ሊያዝ ሲል ነው። አንዳንዴ ያናድዱኝ ነበር። የማይደበቅበት ሰው ጋር መኖር ቀላል አይደለም፤ ሽቶ የሚቀባ ሰው ክፍሌ የመጣ ቀን ለሳምንት ሲስቁብኝ ከረሙ።

ይህ ሁሉ ከመታመማቸው በፊት ነው።

ሕመሙ እንዴት እንደጀመረ ማንም ልብ አላለም። መጀመሪያ ድምፃቸው አፍንጫቸውን እንደያዘ ሰው ሆነ። ከዚያ በአፋቸው መተንፈስ ጀመሩ። ጉንፋን ነው ተባለ፤ ዳማከሴ ተጨመቀላቸው፣ ፌጦ ታጠኑ፣ ጠበል ተጠመቁ። ጉንፋኑ ሁለት ዓመት ሙሉ አልለቀቀም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው በጭስ ተሞልቷል። እትዬ አትጠገብ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ፤ ድስታቸው ከሥሩ ከሰል ሆኗል። ጮህሁ። ቀና ብለው አዩኝ፣ ድስቱንም አዩ። "ሐሳብ ወስዶኝ ነው" አሉ። እኔም አመንኋቸው። ያንን ድስት አሁን ሳስበው እፍረት ይይዘኛል፤ ማስተማር ሥራዬ ሆኖ ማየት አቃተኝ።

በዐቢይ ጾም መካከል ራስ ምታቱ ጸናባቸውና ጤና ጣቢያ ወሰድኋቸው፤ ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ተጻፈ። ከነፋስ መውጫ ጀምሮ ጉናን አልፈን እስክንወርድ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም። የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሙ ለጋ ወጣት ነው። በመብራት አየና "እናቴ፣ በሁለቱም በኩል ሥጋ በቅሎ ዘግቶታል። ቆይቷል። ሽታ ካቆመብዎ ስንት ጊዜ ሆነ?" አላቸው።

"እሸታለሁ" አሉ።

ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ እሳቸውን አየሁ። እሳቸው መስኮቱን አዩ።

ከሆሣዕና በፊት በነበረው ሳምንት ኦፕራሲዮን ሆኑ። ሲወጡ አፍንጫቸው በጎዝ ጨርቅ ተጠቅጥቋል፤ ፊታቸው አብጦ የማላውቃቸው ሴት መስለውኛል። በአፋቸው ብቻ ሲተነፍሱ ከንፈራቸው ተሰነጣጠቀ፤ በውኃ የራሰ ጨርቅ ሳስነካቸው ዋልሁ። በሦስተኛው ቀን ጎዙ ተሳበ። ደም ያዘለ ረጅም ነገር ነው፤ አያልቅም እንዴ ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ዓይኔን ስገልጥ እያለቀሱ ነው።

"አመመዎ?"

"በረኪና" አሉ። "ወለሉ በረኪና ይሸታል።"

እኔም አብሬ አለቀስሁ። የበረኪና ሽታ እንዲህ ያስደስታል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሐኪሙ ትእዛዙን ለሁለታችንም ነገረን፤ እኔም ጻፍሁት። ለሦስት ሳምንት መናፈጥ የለም። ሸክም የለም። መጎንበስ የለም። ሲያስነጥስዎ አፍዎን ይክፈቱ። ትኩስ ነገር አይጠጡ። የደም ግፊት ክኒንዎን እንዳያቋርጡ። "ቁስሉ ገና ነው" አለ፣ "ግፊትም ስላለብዎ ደም ሊፈነዳ ይችላል። ከፈነዳ ቀልድ አይደለም፤ ወደ ፊት ዘንበል ብለው አፍንጫዎን ይያዙ።" እትዬ አትጠገብ "መስገድስ?" ብለው ጠየቁት፤ ስቅለት መድረሱን ያሰቡት እሳቸው ናቸው። ሐኪሙ "በጭራሽ፤ ዘንድሮ ይቅርብዎ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" አላቸው። "እሽ ልጄ" አሉት።

መኪና እስኪገኝ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እዚያ ነው የነገሩኝ።

"ሁለት ዓመት ሆኖኛል ምንም ሳይሸተኝ" አሉ። "ለሰው ማን ይናገራል? እኔ ያለ አፍንጫዬ ማን ነኝ? በእጄ ልስላሴውን፣ በዓይኔ መልኩን፣ ደግሞ የባለቤቲቱን ፊት እያየሁ ነው ስፈርድ የኖርሁት። ብዙ ጊዜ 'ደኅና ነው' እያልሁ አልፍ ነበር፤ ደኅና ማለት ማንንም የማይጎዳ መስሎኝ። ማሪቱን ግን …"

ማሪቱን አውቃታለሁ። ከገደሉ ሥር ካለው ቀበሌ የምትመጣ፣ ሁለት ላሞች ያሏት ሴት ናት። ከገና በፊት አንድ ገዥ ቅቤዋን ተጠራጠረና ሰው ከበባቸው። እትዬ አትጠገብ አሹት፣ ፊታቸውን አዞሩ፣ ጠበቁ። ምንም አልመጣም። ሰው "እህ? እህ?" ይላል። ቅቤው ትንሽ ጠጠር ያለ ነበር፤ የደጋው ብርድ ያጠጠረው ይሆናል። ማሪቱ ፊቷ ቀልቷል፤ የተናደደች ሴት ፊት ነው፣ እሳቸው ግን የጥፋተኛ ነው ብለው አነበቡት። ዝም ቢሉ ደግሞ ሊታወቅባቸው ነው። "ሞራ አለበት" አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የማሪቱን ቅቤ በአርብ ገበያ የሚገዛ ጠፋ። "ሞራዋ" የሚል ስም ወጣላት። ቅቤዋን ተሸክማ ወገዳ ገበያ ድረስ መውረድ ጀመረች፤ በእግር ቀኑን የሚፈጅ መንገድ ነው።

"አለማወቅ ቢሆን ይቀለኝ ነበር" አሉ እትዬ አትጠገብ። "እንዳልሸተትሁ አውቅ ነበር እኮ። እያወቅሁ ነው። በዚህ አፍንጫ እንደገና አየር እየሳብሁ ይቅር ሳትለኝ ብሞት ምን ይውጠኛል?"

"አይሞቱም" አልኋቸው።

"ተይኝ እስቲ። ይቅር ትበለኝ፤ ሌላ አልፈልግም።"

በመልስ መንገድ ጉና ላይ የመኪናውን መስኮት ከፈቱ። ብርዱ ያንቀጠቅጣል፤ ተሳፋሪው "ኧረ እናት፣ ይዝጉት!" ይላል። እሳቸው አይሰሙም። "ከኋላችን ያለው ሰውዬ ነጭ ሽንኩርት ይዟል። ያች ልጅ ብርቱካን ልጣለች። ሾፌሩ ትናንት ጠጥቷል" ይሉኛል በጆሮዬ። ሾፌሩ ላይ ሲደርሱ ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ "አይሳቁ ተብያለሁ መሰለኝ" ብለው አፍንጫቸውን ያዙ። ያን ቀን የነበረውን ፊታቸውን ነው አሁን ድረስ የማየው።

ቤት እንደደረስን ማሪቱ ጋ ላኩኝ። የሕማማት ማክሰኞ ነበር። ገደሉን ወርጄ ደጇ ስደርስ ገብስ ታበጥራለች። ሁሉንም ነገርኋት፤ ሕመሙን፣ ኦፕራሲዮኑን፣ አለመሽተታቸውን፣ "ይቅር በይኝ" ማለታቸውን። ሰፌዷን ሳታስቀምጥ ሰማችኝ።

"አሁን ገና ነው የታያት?" አለች። "ልጆቼ ትምህርት ቤት 'የሞራዋ ልጆች' ተብለው ሲመጡ የት ነበረች? በአፍ ይቅር በይኝ ማለትማ ማን ያቅተዋል!"

"ታመው ነው እኮ፣ ማሪቱ …"

"ስቅለት ደርሷል። ስሜን ጠርታ ትስገድበት። መቶ ትስገድ። ሰገደች ሲባል ያኔ እመጣለሁ፣ በእጄ ይቅር እላታለሁ። ይህን በያት።"

ያኔ "ሐኪም ከልክሏቸዋል" ማለት ነበረብኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ግን ልጆቹ ከጓዳ ብቅ ብለው "ይች የኛ መምህርት ናት" ሲሉ ሰማሁ፤ "የሞራዋ ልጆች" የተባሉት በእኔው ትምህርት ቤት ነው፣ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁም። አፈርሁና ዝም ብዬ ተመለስሁ።

እትዬ አትጠገብ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። "ምን አለች?"

"ይቅር ትልዎታለች፤ ትንሽ ተቆጥታለች እንጂ።"

"ሳትቆራርጭ ንገሪኝ።"

ነገርኋቸው። "የሚሆን አይደለም፣ ሐኪሙ ያለውን ያውቃሉ፤ ሄጄ አስረዳታለሁ" አልሁ። "እሽ" አሉ። ለሐኪሙ እንዳሉት ዓይነት እሽ ነበር። ማሪቱ ጋ ዳግመኛ አልወረድሁም፤ ለንስሐ አባታቸው ግን ሄጄ ነገርሁ፤ እሳቸው ራሳቸው መጥተው "እርስዎ ቁጭ ብለው በሐሳብ ይስገዱ፤ ፈትቼዎታለሁ" አሏቸው። ለእሳቸውም "እሽ አባቴ" አሉ። ሦስት ጊዜ እሽ ያለ ሰው ያታልለኛል ብዬ አልጠረጠርሁም።

ያን ሳምንት ገበያው ስቅለት ላይ ስለሚውል ወደ ሐሙስ ተዛወረ። ለፋሲካ ዶሮ ቅቤ የማይፈልግ የለምና ተራው ጢም ብሏል። እትዬ አትጠገብ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው መጡ፤ ከበርጩማቸው ግን አልተቀመጡም። ቆመው "ስሙኝ" አሉ።

ሰው ዞሮ ከበባቸው።

"ማሪቱን ሞራ አለበት ያልኋት ሐሰት ነው። አፍንጫዬ ሞቶ ነበር፤ አፍሬ ደበቅኋችሁ። ቅቤዋ ንጹሕ ነበር ብዬ አልምልም፣ አልሸተትሁትምና። ሞራ አለበት ማለቴ ግን ሐሰት ነው። ስሟን እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እንዲህ ብላለች ብላችሁ ንገሩላት።"

አንዱ ሳቀ። አንዲት ሴት "እንግዲያ የእኔንስ ቅቤ? ባለፈው ክረምት የፈረዱብኝን?" ብላ ጠየቀች። "የአንችንም አልሸተትሁም" አሉ። ሌላው "ስንት ዓመት ነው ያጃጃሉን!" ብሎ ጮኸ። አልተከራከሩም። ሐሰት የሠሩበትን ሲናገሩ እንኳ እውነቱን በልኩ ቆርጠው ነው የሰጡት፤ ሰው ቢጨምርላቸው ይቀበሉ ነበር፣ እሳቸው ግን አልጨመሩም። ዓይናቸው ሰዉ መካከል ማሪቱን ይፈልጋል። ማሪቱ አልመጣችም።

በማግሥቱ ስቅለት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰው ሞልቶ፣ "ኪርያላይሶን" እየተባለ ሺህ ሰው አብሮ ይወድቃል፣ አብሮ ይነሣል። እትዬ አትጠገብን በአጥሩ ጥላ አስቀምጬ ሁለት እርምጃ ፊታቸው እሰግድ ነበር። በየመካከሉ ዞር እላለሁ፤ ተቀምጠዋል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዞር ስል ቦታው ባዶ ነው።

ሽንት ቤት ሄደው ይሆናል ብዬ ሌላ አንድ ዙር ሰገድሁ። ይህን ራሴን ይቅር አላልሁትም። ከዚያ መፈለግ ጀመርሁ። ከግቢው ጀርባ ጽዶቹ ሥር አገኘኋቸው። በግንባራቸው አፈር አለ፣ በመዳፋቸውም። ነጠላቸው ከአፋቸው እስከ ደረታቸው ቀልቷል፤ ደሙ በአፍንጫም በጉሮሮም ይመጣል። እንደታዘዝሁት ወደ ፊት ዘንበል አድርጌ አፍንጫቸውን ያዝሁ፣ በጣቶቼ መካከል ይሾልካል።

"ምን አደረጉ? ምን አደረጉ እትዬ?"

"ቆጥሬ ጨርሻለሁ" አሉ ደሙን እየተፉ። "ስሟን እየጠራሁ ነው የሰገድሁት። ንገሪያት። የጠየቀችኝን አድርጌያለሁ በያት።"

ሰው ጠራሁ። ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷቸው። ነርሷ አፍንጫቸውን በጎዝ ጠቀጠቀችው፣ ግሉኮስ ተንጠለጠለላቸው፣ ደሙ ቆመ። ወደ ደብረ ታቦር መወሰድ ነበረባቸው፤ ያን ሰሞን ግን በጸጥታ ሥጋት ከመሸ በኋላ መንገዱ አይኬድበትም፣ ጧት ይሻላል ተባለ። ጧት መኪናው በር ላይ ቆሞ ሳለ ደሙ እንደገና መጣ። አፍንጫው ስለታፈነ በጉሮሮ ነው የመጣው። እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙ፤ ከዚያ መያዙን ተዉት።

ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ "ተቀምጠው ሳሉ ደም ፈነዳቸው" አልሁ። የንስሐ አባታቸው ብቻ ግንባራቸው ላይ ያለውን አፈር አይተው አንገታቸውን ደፉ። ሌላ ማንም አላወቀም።

ከቀብር ተመልሰን ግቢው ሣር ላይ ተቀምጠን ነው ማሪቱ የመጣችው። መሞታቸውን አልሰማችም ነበር። የገበያውን ወሬ ሰምታ፣ ለፋሲካ እንቁላል በጭድ አድርጋ ይዛ ነው የመጣችው። ሰዉን ስታይ በሩ ላይ ቆመች። እንቁላሉን መሬት አስቀመጠች። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

"ገበያ ላይ የተናገሩትን ነገሩኝ" አለች። "በሰው ሁሉ ፊት። እኔም ልቤ ተሰበረና መጣሁ። ያልሁሽን ነገርሻቸው?"

"ነገርኋቸው።"

እጄን ያዘች። "በንዴት እኮ ነው የተናገርሁት። ከሄድሽ በኋላ ነው ለታመመ ሰው ምን አልሁ ብዬ የደነገጥሁት። አልሰገዱም አይደል? መምህርት፣ በእኔ ቃል አልሰገዱም አይደል?"

ንገሪያት ተብያለሁ። እትዬ አትጠገብ በደም መካከል የሰጡኝ አደራ አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ከእኔ ሌላ የሚነግርላቸውም የለም። የማሪቱን ፊት አየሁት።

"አልሰገዱም" አልሁ። "ሐኪም ከልክሏቸው ነበር።"

ትንፋሿን ለቀቀችው። በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። "እንኳንም አልሰገዱ" አለች። "እንኳንም አልሰገዱ። እንኳንም አልሰገዱ።"

"አዎ" አልኋት፣ "እንኳንም።"